ሦስት ሺህ ቀን ያልጠፋው ሰርቨር

ባለፈው መስከረም፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ለጋራዤ አምፖል ልገዛ ወደ ዕቃ መሸጫው ጎራ ባልል ኖሮ፣ ታማራክ ሂል የምትባለው ከተማችን ዛሬ ከምድር በላይ አትገኝም ነበር። ይህን የምለው ሳላጋንን ነው። እኔ ጋርት ትሬምባት ማጋነን የማልወድ ሰው መሆኔን በዚህ በሰሜን ሚቺጋን የመዳብ አገር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። በገዛ እጄ ገጣጥሜ ያስነሳኋቸው ኮምፒውተሮች አራት ሺህ መድረሳቸውን እንኳ፣ ካልተጠየቅሁ አላነሳም።

ከገንዘብ መቀበያው ፊት ተሰልፈው ያገኘኋቸው ጋሽ ኤይኖ ካርቪኔንን ነበር። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማችን የስልክ ማዕከል ቴክኒሻን ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ምድር ቤታቸው ውስጥ፣ ከሳውናቸው (ከእንፋሎት መታጠቢያቸው) አጠገብ፣ በእጃቸው የገጣጠሙትን አንድ ሰርቨር፣ ማለትም ሌት ተቀን የሚሠራ የፋይል ማከማቻ ኮምፒውተር፣ ሲጠብቁ ይውላሉ። ያን ዕለት በትከሻቸው ሃያ ሜትር የሚሆን ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ጠምጥመው፣ በእጃቸው ባዶ ጀሪካን ይዘዋል። ወዴት ሊዘምቱ ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ መብራት ኃይል ምሰሶ ሊቀይር ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መብራት እንደሚያጠፋ፣ የእሳቸው ባትሪ ደግሞ ከአርባ ደቂቃ በላይ እንደማይዝ፣ ስለዚህ ከአክስታቸው ልጅ ጀነሬተር ተውሰው ግቢ ውስጥ እንደሚተክሉ ነገሩኝ።

«ሰርቨሬ አይጠፋም» አሉ በመጨረሻ።

«ስንት ቀኑ ሆነ?» አልኩ፣ ምን እንደሚመልሱ እያወቅሁ።

«ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ሰባት።»

በእኛ አገር ሰርቨር በቤቱ የሚያኖር ሰው የልጁን ዕድሜ ቢዘነጋ እንኳ ማሽኑ ሳይጠፋ የቆየበትን ቀን አይዘነጋም። የባለሰርቨሮች ማኅበራችን በወር አንዴ ሲሰበሰብ ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ሰው ይናገራል፣ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ወንበር ያመጣል። ባለፈው ዓመት አንዱ አባላችን ቤት ሲቀይር ሰርቨሩን ከባትሪው ጋር አቅፎ፣ እየሠራ፣ በመኪና ስድስት ሰዓት ተጉዟል። ሚስቱ በአውቶቡስ ነው የመጣችው።

ከኋላችን የተሰለፈችው ኮሌት ቤላንጄ ነበረች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከከተማችን አጠገብ ካለው የመርከብ ቦይ ማዶ ባለው ዩኒቨርሲቲ ተምራ አሁን በሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ትሠራለች። አባቷን አውቀዋለሁ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እሷ የወጣችው በእናቷ ነው።

«ጋሽ ኤይኖ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ «ሦስት ሺህ ቀን ካልጠፋ፣ ቢጠፋ ተመልሶ እንደሚነሳ በምን ያውቃሉ?»

«ስለማይጠፋ መነሳቱ አያሳስበኝም።»

«ሳይፈልጉ የጠፋ ዕለትስ?»

ጋሽ ኤይኖ ዞር ብለው እኔን፣ ይህች ልጅ ምን እያለች ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሰላም ወዳድ ሰው ነኝ። ሰላም ወዳድ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። «ምድር ቤትዎ ውስጥ ያለው ሬሳ ነው፣ እስካሁን ያልተቀበረው ትንፋሹ ስላልቆመ ብቻ ነው እያለችዎ ነው» አልኳቸው።

የሽማግሌው ጆሮ ቀላ። ልጅቱ እንዲህ አላልኩም ብላ ልትምል ስትጀምር፣ እሳቸው ገመዱን እኔ ትከሻ ላይ ጫኑና፣ ሬሳውን ልታይ ከፈለገች ትምጣ አሉ። አምፖሉን ሳልገዛ ወጣሁ።

አሁን ነገሩ ለምን የሞት የሽረት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከእግራችን በታች ያለው ምድር ወንፊት ነው። የመዳብ ቆፋሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲቦረቡሩት ኖረው፣ ኩባንያው ሲዘጋ ጉድጓዱን ትተውልን ሄዱ። የት የት እንደቆፈሩ የሚያሳዩት ካርታዎች በጨርቅ ላይ በእጅ የተሳሉ ነበሩ፤ ማዘጋጃ ቤቱ በምድር ቤቱ ያስቀምጣቸው ነበር። ጋሽ ኤይኖ ማንም ሳያዛቸው ስድስት ክረምት ሙሉ እያንዳንዱን እየዘረጉ በስካነር አነሱት። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ካርታ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የበረዶ ውሃ ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ገባና ጨርቁ ሁሉ ሻግቶ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ ከመሬት በታች ያለችው ታማራክ ሂል በዓለም ላይ የምትገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጋሽ ኤይኖ ሳውና አጠገብ።

የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ ቤት የሚሠራ፣ ሰው የሚቀብር ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ወንበር ይሰጡታል፣ ካርታውን በስክሪን ያሳዩታል፣ ይሸኙታል። ቅጂ ግን ለማንም አይሰጡም። ሳይጠይቅ መጋዘን የሠራ አንድ ሰው የበረዶ መጥረጊያ መኪናው እስከ ጣሪያዋ ሰምጣበታለች። እኔ ሳወራው እስከ ቻይና ሰመጠች ነው የምለው፤ እስከ ጣሪያዋም ግን ይበቃል። በዚያ ሳምንት ዓርብ ደግሞ የቁፋሮ ማሽኖች ለዘጠኝ ቤቶች የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ ይመጣሉ። አንደኛው ቤት የእኔ ነው። የቁፋሮው አለቃ ዓርብ ጠዋት ካርታውን አይቶ ነው መስመሩን የሚያሰምረው።

ምድር ቤቱ የበርች እንጨትና የትኩስ ብረት ሽታ አለው። ሰርቨሩ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የብረት ሣጥን ነው፤ ማራገቢያዎቹ ያንሾካሽካሉ፤ ከፊቱ አራት አረንጓዴ መብራቶች ይበራሉ። ጋሽ ኤይኖ እንግዳ እንደሚያስተዋውቅ ሰው አጠገቡ ቆሙ። አራት ዲስክ እንዳለው፣ አንዱ ቢሞት ሦስቱ ሥራውን ተካፍለው እንደሚቀጥሉ፣ ስለዚህ ይህ ማሽን የሚፈራው ነገር እንደሌለ አስረዱ። ከስድስት ዓመት በፊት ሁለቱን አሮጌ ዲስኮች አውጥተው በእነዚህ በአራቱ ሲተኩ እንኳ ማሽኑን ለአንድ ሰኮንድ አላጠፉም። እየሠራ፣ ልክ ልቡ እየመታ እንደሚታከም ሰው። ይህን ሲናገሩ እኔም ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ኮሌት ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሣጥኑ ላይ አደረገች። «ሦስተኛው ዲስክ ያንኳኳል» አለች።

«ሁለት ዓመቱ ነው። ልማዱ ነው።»

«ጋሽ ኤይኖ፣ ዛሬ እጅዎ ስቶ አንዱን ካርታ ቢሰርዙት፣ ከአራቱ ዲስኮች ስንቱ ይሰርዘዋል?»

«አራቱም።»

«በስንት ጊዜ ውስጥ?»

«ወዲያው ነዋ።»

«እንግዲያው ያለዎት አንድ ቅጂ ነው። አራት እግር ያለው አንድ ቅጂ። እግሩ ቢሰበር ይቆማል፤ ጭንቅላቱን ቢመቱት ግን አራቱም እግሮች አብረው ነው የሚወድቁት።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። የምትጠብቁት ፈገግታ አይደለም፤ ወጥመድ ያጠመደ ሰው ፈገግታ ነው። ደረጃውን ወጥተው ከኩሽና አንድ የዱቄት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ከውስጡ በፎጣ የተጠቀለለ ትንሽ ዲስክ አወጡ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ሰርቨሩ ላይ ይሰኩታል፣ ቅጂ የሚያደርገው ፕሮግራም ሥራውን ይሠራል፣ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ መብራቷ ስታቆም ነቅለው ወደ ቆርቆሮው ይመልሱታል። አንድም እሑድ አልዘለሉም፤ ሚስታቸውን ቀብረው የተመለሱ ዕለት እንኳ።

«የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ገና ሳይሠራ ጀምሮ መጠባበቂያ ቅጂ ምን እንደሆነ አውቃለሁ» አሏት። «ሌላ የምታስተምሪኝ አለሽ?»

እኔ ኮሌትን አየኋት። የተረታች መሰለኝ፤ ለወሬ የሚሆን ነገር አጣሁ ብዬ ተከፋሁ።

እሷ ግን ስለ ስልክ ማዕከሉ ጠየቀቻቸው። መብራት ሲጠፋ ስልኩ እንዳይቋረጥ ምን ነበራችሁ አለች። እሳቸውም ደስ ብሏቸው፣ አንድ ክፍል ሙሉ ባትሪና አንድ የናፍጣ ሞተር እንደነበራቸው፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከተማው አንዲት ደቂቃ እንኳ ስልክ አጥቶ እንደማያውቅ አወሩላት።

«ባትሪው እንደሚሠራ እንዴት ታውቁ ነበር?» አለች።

«እንዴት ታውቁ ነበር ትላለች እንዴ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ዋናውን መብራት እኔው ራሴ እቆርጠው ነበራ። ከተማው በባትሪ ይሠራል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ።»

«በየሳምንቱ? በገዛ እጅዎ?»

«በየሳምንቱ። ያልተሞከረ ባትሪ...» ብለው ጀመሩና ቆሙ።

በሕይወቴ ሰው በራሱ አፍ ሲያዝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ሰውየው እኔ ነኝ።

«እሱ ሌላ ነው» አሉ ጋሽ ኤይኖ።

«ምኑ ነው ሌላ?»

«እሱ የሕዝብ ነበር። ለሕዝብ ኃላፊነት ነበረብኝ።»

«ካርታውስ የማን ነው፣ ጋሽ ኤይኖ?»

ጋሽ ኤይኖ ዲስኩን አነሱና እጇ ላይ አስቀመጡት። «ክፈቺው» አሉ፤ «ክፈቺውና አፍሽን ልዝጋ።»

ኮሌት ላፕቶፗን አውጥታ ሰካችው። የእሑዷ መብራት ብልጭ አለች። ስክሪኑ ላይ አንድ ፎልደር ብቻ ታየ። ከፈተችው። ባዶ ነው። ዘጋችና እንደገና ከፈተችው። ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞረችው፤ እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። አሁንም ባዶ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። እኔ ብሆን በሁለት ደቂቃ አገኘው ነበር፤ ግን ወንበር አልሰጡኝም። ጋሽ ኤይኖ ከስድስት ዓመት በፊት ካርታዎቹን ወደ አዲሶቹ ዲስኮች ቢያዛውሩም፣ ቅጂ የሚያደርገው ፕሮግራም ግን ካርታዎቹ ወደነበሩበት ወደ አሮጌው ቦታ ነበር የሚሄደው። ባዶ ቤት እያየ ይመለሳል። ሥራው ደግሞ መጠባበቂያውን ዋናውን እንዲመስል ማድረግ ስለነበር፣ ዋናው ባዶ ሆኖ ሲያገኘው መጠባበቂያውንም በመጀመሪያው እሑድ ባዶ አደረገው። ከዚያ በኋላ ከሦስት መቶ በላይ እሑድ፣ ባዶውን ከባዶው እያስተያየ ልክ ነው እያለ መብራቷን ሲያበራ ኖረ። አሮጌዎቹን ዲስኮች ደግሞ ጋሽ ኤይኖ አጽድተው ለቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ሰጥተዋቸዋል።

ማሽኑን ያን ጊዜ አጥፍተው አስነስተውት ቢሆን ኖሮ፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ የድሮ ቦታውን አጥቶ ይጮህ ነበር። ይህን ኮሌት ቀስ ብላ፣ ዓይናቸውን ሳታይ ነገረቻቸው። የቀኑ ቁጥር እንዳይቋረጥ ሲሉ ነበር ያላጠፉት።

ጋሽ ኤይኖ ተነሱ። ይደነግጣሉ ወይም ያለቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «ያንን ገመድ አምጣ» አሉኝ። «እንግዲህ በዓለም ያለው ይሄ ብቻ ከሆነ ጭራሽ አይጠፋም። አንድ ጀነሬተር አይበቃም፣ ሁለት እተክላለሁ። ስድስት ዓመት ሳያቆም የተሽከረከረ ዲስክ አንዴ ከቆመ ተመልሶ እንደማይነሳ እኔ አውቃለሁ፤ እናንተ ናችሁ የማታውቁት።»

እዚህ ላይ ኮሌት ያለችውን እኔ ራሴ ብናገረው በወደድሁ ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ሳወራውም እኔ እንዳልኩት አድርጌ ነው። «ትክክል ነዎት» አለች። «ላይነሳ ይችላል። ለዚህ ነው ዛሬ እንዳይጠፋ የምለምንዎት። ነገ ግን ወደ ሁለት አዲስ ዲስኮች እንቀዳው፤ ከዚያ ከአንደኛው ላይ በሌላ ኮምፒውተር እያንዳንዱን ካርታ ከፍተን እንይ። ያን ጊዜ ማጥፋት አለማጥፋት የእርስዎ ፈንታ ይሆናል። አሁን ግን የእርስዎ አይደለም፤ የሦስተኛው ዲስክ ነው። እሱ በፈለገ ቀን ነው የሚጠፋው፤ ያን ቀን እርስዎን አያማክርም።»

«ከቀዳሽ በኋላ ቅጂው የት ይቀመጣል?»

«አንዱ እዚህ። አንዱ እኔ ቤት። ከፈቀዱ ሌላ ደግሞ ጋርት ቤት።»

«አይሆንም» አሉ። ይህ «አይሆንም» ከፊተኛው እምቢታ ሁሉ የጠነከረ ነበር። እናም ለምን ቅጂ ለማንም እንደማይሰጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን። የጨርቅ ካርታው ገና በነበረበት ዘመን አንድ ቀያሽ ግልባጭ ወስዶ፣ ሊሸጠው የፈለገው ቦታ ላይ የነበረውን የጉድጓድ መስመር በምላጭ ፍቆት ነበር። ቦታውን የገዛው ሰው የጋሽ ኤይኖ ወንድም ነው። ቤቱ አልሰመጠም፤ ግን ግድግዳው በየክረምቱ እየተሰነጠቀ፣ ወንድማቸው እስኪሞቱ ድረስ ሲለስኑት ኖሩ። «ሁለት ሰው ዘንድ ያለ ካርታ ሁለት ዓይነት ካርታ ይሆናል» አሉ። «እኔ ዘንድ ግን አንድ ነው።»

ኮሌት ይህን አልናቀችውም፤ ይህን ለእሷ ክብር ሲባል መመስከር አለብኝ። ኮምፒውተር ከእያንዳንዱ ካርታ አሻራ ማውጣት እንደሚችል አስረዳቻቸው፤ አሻራው ረጅም ቁጥር ነው፤ ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ ብትፋቅ ቁጥሩ እንዳለ ይለወጣል። ከዚያ አንዱን ካርታ በራሷ ላፕቶፕ ላይ ገልብጣ አሻራውን አሳየቻቸው፤ ግልባጩ ላይ በዓይን የማትታይ ነጥብ አጠፋችና እንደገና አሳየቻቸው። አንድም አኃዝ አልተመሳሰለም ለማለት ይቻላል።

«የስድስት መቶ አሥራ ሁለቱንም አሻራ በወረቀት አትመን በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ እንለጥፈው» አለች። «ምላጭ ያለው ይምጣ።»

ጋሽ ኤይኖ ወረቀትና እርሳስ አምጥተው ሁለቱን ቁጥሮች በእጃቸው ጻፉ። ጎን ለጎን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ ነገ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ አሏት።

ረቡዕ ጠዋት እኔም ድርሻዬን ተወጣሁ። ለሙከራ የሚሆን ሌላ ኮምፒውተር ያስፈልግ ስለነበር፣ በሦስቱ አውራጃዎች ውስጥ ተወዳዳሪ የሌለውን፣ ከትርፍ ዕቃ የገጣጠምኩትን ማሽኔን ተሸክሜ መጣሁ። ሰካሁት፣ ቁልፉን ተጫንኩ፤ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። የቮልቴጁ ጥፋት እንደሆነ፣ ምናልባትም የሳውናው እርጥበት እንደሆነ ለሁለቱም በሰፊው አብራራሁ። ኮሌት ሽፋኑን ከፈተች፣ ከቦታው የላላውን አንዱን የሜሞሪ ካርድ በአውራ ጣቷ ቀጭ እስኪል ተጫነችው። ስክሪኑ በራ። «ቮልቴጁ ተስተካከለ» አሉ ጋሽ ኤይኖ። ቀኑን ሙሉ ማንም ሰው ምንም ነገር ባነሳ ቁጥር፣ ቮልቴጁ ነው ይላሉ።

ካርታዎቹ እስከ ከሰዓት በኋላ ሲቀዱ ዋሉ። ከዚያ እኔ ማሽን ላይ አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ጋሽ ኤይኖ ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱንም በዓይናቸው አዩ፣ አሻራውን ከአሻራው አስተያዩ። እኔ በዚያ ቀን አሥራ ሁለት ፓስቲ በላሁ፤ ሥጋና ድንች የተሞላባቸው፣ ጫማዬን የሚያክሉ። ልጅቱ ሦስት ነው ብላለች፤ ግን ሥራ ላይ ስለነበረች አልቆጠረችም።

ሐሙስ ጠዋት ስንመጣ ጀነሬተሩ ግቢ ውስጥ ተነስቶ ይንጎራጎር ነበር። ገመዱ በመስኮት ገብቶ እስከ ሰርቨሩ ደርሷል፤ መሰኪያው መሬት ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ኤይኖ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ለሦስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ሽማግሌው ወጡና ጀነሬተሩን ዝም አሰኙት። ተመልሰው ከቁልፍ ሰሌዳው ፊት ተቀመጡ።

«ሰኞ ሰኞ ስቆርጥ ሁለቴ አላስብም ነበር» አሉ። ማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፉና አስገቡት። አራቱ አረንጓዴ መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ፤ ማራገቢያዎቹ ቆሙ። በዚያ ምድር ቤት ከስምንት ዓመት ተኩል በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥታ ሆነ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ተመለሰ። ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑት። ማራገቢያዎቹ ተነሱ። የመጀመሪያው ዲስክ ተሽከረከረ፣ ሁለተኛው ተሽከረከረ። ሦስተኛው ሁለቴ አንኳኳና ዝም አለ። አራተኛው ጭራሽ ድምፅ አላሰማም። አራቱ ተካፍለው ከያዙት ሁለቱ ሲጎድሉ የቀሩት ሁለቱ ብቻቸውን ካርታውን ሊሰበስቡት አይችሉም፤ ስክሪኑም ይህንኑ በቀይ ጻፈ።

ጋሽ ኤይኖ ወደ ኮሌት ዞሩ። ፊታቸው ላይ ሐዘን ፈልጌ አጣሁ። «እንደማይነሳ አላልኩሽም?» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

«ብለውኛል።»

«ማን ነበር ትክክል?»

«እርስዎ ነበሩ፣ ጋሽ ኤይኖ።»

«እንዲያው ይመዝገብልኝ» ብለው ሣጥኑን ነቅለው፣ ማንም እንዲነካላቸው ሳይፈቅዱ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው በደረጃው ተሸክመው አወጡት።

ዓርብ ጠዋት የቁፋሮው አለቃ መጣ። ካርታው ከኮሌት ቅጂ ላይ ተከፈተ። ቧንቧው ሊቀበርበት በታሰበው መስመር ሥር፣ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመሬት ሦስት ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ አንድ አሮጌ ዋሻ ያልፋል። ማሽኑ ሃያ ቶን ይመዝናል። አለቃው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና መስመሩን ወደ መንገዱ ማዶ አዛወረው። ቅጂው አንድ ቀን ቢዘገይ፣ ወይም ካርታው በዚያ ሣጥን ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ማሽኑን የሚነዳው ሰው ዛሬ ከቆፋሪዎቹ አፅም ጋር ነበር የሚጫወተው። ይህን እንኳ ማጋነን አያስፈልገውም።

ለምን ይህን ሁሉ እንደተረክሁ አንባቢ ሳይገባው አይቀርም፤ ግን እኔ ሳልናገር መቅረት አይሆንልኝም። ማሽናችሁ ሳይጠፋ መቆየቱ ጥንካሬው ሳይሆን ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ሁለትና አራት ዲስክ ጎን ለጎን ማቆም ከዲስክ ሞት ያድናል፤ ከእጅ ስሕተት፣ ከእሳትና ከራሳችን ትዕቢት ግን አያድንም። ብልጭ ብልጭ የምትል መብራት የምትመሰክረው ለራሷ ብቻ ነው። መጠባበቂያችሁን ዛሬ አውጡና በሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት፤ የልጃችሁን ፎቶ፣ የቤታችሁን ውል፣ አንዱን ፋይል ብቻ። ከተከፈተ እንኳን ደስ አላችሁ። ካልተከፈተም፣ ዋናው ገና በእጃችሁ ሳለ ማወቃችሁ ነው። ያላችሁን ነገር ለሩቅ ኩባንያ መጋዘን አስረክቡ አላልኩም፤ ጋሽ ኤይኖም ይህን ሲሰሙ ይተፋሉ። በሦስት ጎረቤት ቤት ያለ፣ አሻራው በአደባባይ የተለጠፈ ነገር የባለቤቱ ነው፤ ማንም አይነጥቀውም፣ ማንም አይፍቀውም።

ታማራክ ሂል ውስጥ አሁን በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ ጠዋት፣ በአሮጌው ሣጥን ቦታ የተተካው አዲሱ ሰርቨር ይጠፋል። አንድ ካርታ በዕጣ ይወጣል፤ ከቅጂዎቹ ከአንዱ ላይ ይከፈታል፤ አሻራው ይነበባል። ከዚያ ሰርቨሩ ይነሳል። አጥፊው ጋሽ ኤይኖ ናቸው፣ አንባቢዋ ኮሌት ናት፣ ዕጣ አውጪው እኔ ነኝ፤ ይህም ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ነው።

በኅዳር የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከሐይቁ ማዶ አንድ እንግዳ መጣ። ሮዴሪክ ይባላል፤ ትልቅ ሰው፣ ትልቅ ጢም። ሰርቨሩ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ቀን እንዳልጠፋ ነገረን፤ ያ ቁጥር በሸሚዙ ደረት ላይ ታትሟል። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ሰው ወንበር ሊያመጣለት ተነሳ። ጋሽ ኤይኖ እንዳላጨበጨቡ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሮዴሪክ ስልኩን አውጥቶ ማሽኑን ከሩቅ እንዴት እንደሚያዘው ሊያሳየን ሲጀምር፣ ቀስ ብለው ወደ እሱ ሄዱ፤ እጃቸውንም ልጁን እንደሚመክር አባት በትከሻው ላይ አኖሩ።

«ጎበዝ» አሉት። «በል አጥፋው።»

ሰውየው ሳቀ። ሌላ ግን ማንም አልሳቀም።

«አሁን፣ እዚሁ በስልክህ አጥፋው» አሉ ጋሽ ኤይኖ፣ «ካልደፈርህ ግን ለምን እንዳልደፈርህ ለእነዚህ ሰዎች ንገራቸው።»

ሮዴሪክ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ጋሽ ኤይኖ ወንበር ሳቡለትና አጠገቡ ተቀመጡ፤ ቅጂው የት እንዳለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደከፈተው፣ በምን ማሽን ላይ እንደከፈተው፣ አንድ በአንድ ይጠይቁት ጀመር።